አምስት ኪሎዋት ለአንድ ቤት

ከስኮትላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ ማዶ ያለችው የኤግ ደሴት 31 ካሬ ኪሎሜትር ገደማ ትሰፋለች፤ የሚኖርባትም ወደ መቶ ሰው ነው። ለዚህን ያህል ሰው ብሎ በባሕር ሥር ኬብል የዘረጋላት የለም። እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ድረስ አብዛኛው ቤት መብራት የሚያገኘው ከናፍጣ ጀነሬተር ነበር፤ ናፍጣው ውድ ነው፣ ባሕሩ ሲናወጥ ደግሞ ጀልባው ይቀራል።

ዛሬ ከደሴቲቱ መብራት ወደ 90 በመቶ የሚሆነው ከውሃ፣ ከነፋስና ከፀሐይ ይመነጫል። ሦስቱ የተጣመሩት በምክንያት ነው። በብርዱ ወራት ነፋሱ ይበረታል፣ ጅረቶቹም ሞልተው ተርባይኑን ያሽከረክራሉ፤ ፀሐይ ግን ለጥቂት ሰዓት ታይታ ትጠልቃለች። በሰኔ ጅረቱ ሲቀጥን ቀኑ ከ17 ሰዓት በላይ ይረዝማል። ትርፉ በባትሪ ይጠራቀማል፤ ባትሪው ሲሞላም ቤተ ክርስቲያኑንና የመሰብሰቢያ አዳራሹን ያሞቃል። ጀነሬተሩ የሚነሳው ሁሉም ሲያንስ ብቻ ነው።

መሣሪያውን ገንዘብ ያለው ሁሉ ይገዛዋል። እኔ የኤግን ሰዎች የማደንቃቸው በተስማሙበት ገደብ ነው። አንድ መኖሪያ ቤት በአንድ ጊዜ ከ5 ኪሎዋት፣ አንድ የንግድ ድርጅት ከ10 ኪሎዋት በላይ መሳብ አይችልም፤ ካለፈ መብራቱ ይቋረጥበታል። የእኛ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። እንጀራ እየተጋገረ የውሃ ማፍያ ቢሰካ 5ቱ አለቀ ማለት ነው።

ገደቡ በወር ስንት መብራት ተቃጠለ አይልም። የሚጠይቀው አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ ስንት ተሰካ ብሎ ነው። የኃይል ማመንጫ የሚሠራው ሁሉም ሰው እራት የሚያበስልበትን ሰዓት እንዲችል ተደርጎ ነውና፣ ያቺ የጭንቅ ሰዓት ዝቅ ካለች አነስ ያለ ተርባይንና አነስ ያለ ባትሪ ይበቃል። ወጪው የሚቀንሰው እዚህ ላይ ነው። ገደቡ ለሁሉም እኩል ስለሆነም ባለጸጋው የጎረቤቱን ድርሻ አይወስድም።

በ1997 እ.ኤ.አ. ነዋሪዎቹ በመዋጮ ደሴቲቱን ከግል ባለቤቷ ገዝተው ራሳቸው በሚሳተፉበት ተቋም ሥር አድርገዋታል። የመብራት ድርጅቱም የእነሱው ነው። ገደቡን ከውጭ የመጣ ኩባንያ ቢጥልባቸው ኖሮ እንዲህ ያከብሩት ነበር ብዬ አላምንም።

ከዋናው መስመር ለራቁ መንደሮቻችን የፀሐይ ኃይል የምታቅዱ ባለሙያዎች፣ ፓነል ከመግዛታችሁ በፊት ከነዋሪው ጋር ተቀምጣችሁ ስለ ገደቡ ተነጋገሩ።