ማዘዣውን ማን ያያል? የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች የአእምሮ ሕክምና ቁጥጥር

የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ወደ 170 የሚጠጉ ሆስፒታሎችና ከ9 ሚሊዮን በላይ ተመዝጋቢዎች አሉት። ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው ብዙ ጊዜ ሕመሙ ድርብ ነው፤ አካሉ ቆስሏል፣ ፒቲኤስዲ የሚባለው የአእምሮ ሕመም ደግሞ እንቅልፍ ይነሳዋል። አንዱ ሐኪም ለቁስሉ ኦፒዮይድ የተባለ ማስታገሻ፣ ሌላው ለጭንቀቱ ቤንዞዲያዜፒን ያዝለታል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲወሰዱ ትንፋሽን አዳክመው ሊገድሉ ይችላሉ።

ቁጥጥሩ ከሕክምና ክፍሉ ይጀምራል። መሥሪያ ቤቱ በ2013 የኦፒዮይድንና የአእምሮ መድኃኒቶችን አሰጣጥ የሚከታተሉ ሁለት አገር አቀፍ ፕሮግራሞች ዘረጋ። በ2017 ሥራ ላይ የዋለው ሪች ቬት የተባለ ፕሮግራም በየሆስፒታሉ ራስን ለማጥፋት እጅግ የተጋለጡትን 0.1 በመቶ ታካሚዎች ከመዝገብ ይለያል፤ ሐኪሞቻቸውም ደውለው ያገኟቸዋል፣ ሕክምናቸውን እንደገና ይፈትሻሉ። የ2023ቱ መመሪያ ለፒቲኤስዲ የንግግር ሕክምናን ያስቀድማል፤ ቤንዞዲያዜፒን እንዳይሰጥም ይመክራል። ከሕክምና ክፍሉ ውጭ ሆነው የሚቆጣጠሩት የመሥሪያ ቤቱ ዋና ኢንስፔክተርና ኮንግረሱ ናቸው።

ቁጥጥር ሲከሽፍ ምን እንደሚሆን በዊስኮንሲን የሚገኘው የቶማ ሆስፒታል አሳይቷል። ዋና ኢንስፔክተሩ የሆስፒታሉን የመድኃኒት አስተዛዘዝ መርምሮ ፋይሉን በመጋቢት 2014 ዘጋ፤ ሪፖርቱን ግን ለሕዝብ አላወጣም። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ አንድ የ35 ዓመት የቀድሞ የባሕር ኃይል እግረኛ እዚያው ተኝቶ ሲታከም በመድኃኒቶች ድምር መርዛማነት ሞተ። ኋላ የተደረገው ምርመራ ሐኪሞቹ ስላዘዙለት አዲስ መድኃኒት አደጋ እንዳላስረዱት፣ ነፍሱን ለማትረፍ የተደረገው ርዳታም እንደዘገየ አረጋገጠ። ኮንግረሱ በ2016 ባወጣው ሕግ የኦፒዮይድ አስተዛዘዝ ደንቦችን አጠበቀ።

ማዘዣ መቀነስ ብቻውን ግን አያድንም። በመሥሪያ ቤቱ ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ በ2020 የታተመ ጥናት ኦፒዮይድ ካቋረጡ በኋላ ባሉት ወራት በመድኃኒት መብዛት ወይም ራስን በማጥፋት የመሞት አደጋ እንደሚጨምር አሳይቷል። ሚሽን አክት ከተባለው የ2018 ሕግ ወዲህ ብዙዎች በግል ሐኪሞች ስለሚታከሙ፣ መሥሪያ ቤቱና የግል ሐኪሞቹ መዝገብ ካልተለዋወጡ አደገኛው ድብልቅ ሳይታይ ያልፋል።

የቶማ ትምህርት ግልጽ ነው፤ ተመርምሮ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ሪፖርት ማንንም አያድንም። ስለዚህ ሪፖርቶች በወቅቱ ይውጡ፣ መድኃኒት የሚቀነስለት ሰውም ክትትል አይጓደልበት። በአሜሪካ ጦር ያገለገለ ቤተሰብ ያላችሁ አንባቢያን፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ በአንድ ዝርዝር ጽፋችሁ ለእያንዳንዱ ሐኪም አሳዩ። ጭንቅ ሲመጣ 988 ደውሎ 1 ቁጥርን መጫን ይበቃል፤ ሌሊትም ቀንም የሚመልስ ሰው አለ።