ጆንያው ሳይጎድል እህሉ ሲጎድል

የአገልግሎቱ ደጋፊዎች፣ «የምንሰጠው እህል በእውነት ይደርሳል ወይ?» ብላችሁ ትጠይቁናላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የዕርዳታ እህል ከተረጂዎች እጅ ወጥቶ ለሌላ እየዋለ በመገኘቱ የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ የልማት ድርጅት በአገራችን ዕደላውን ለወራት አቁመው ነበር። ያ ከመንገድ ሌብነት የሰፋ ነገር ነው። እኛ ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ መንገዱ ነው።

ከጅቡቲ የተጫነ ስንዴ በጋላፊ፣ በሚሌና በአዋሽ አድርጎ አዳማ እስኪደርስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። መኪናው ዳገት ላይ ሲያዘግም ከኋላ ተንጠልጥሎ ሸራ የሚቀድ ሌባ አለ። የበለጠ የሚያስቸግረን ግን መኪናው ቆሞ ሳለ የሚጠፋው ነው። ሹል ቧንቧ ጆንያው ውስጥ ይሰካና እህሉ ይቀዳል፤ ቧንቧው ሲወጣ ክሩ ተመልሶ ይገጥማል። አንድ ባለ ተሳቢ መኪና 400 ኩንታል፣ ማለትም ባለ 50 ኪሎ 800 ጆንያ ጫነ እንበል። ከየጆንያው ግማሽ ኪሎ ቢቀዳ 4 ኩንታል ነው፤ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ በሚታደልበት ስፍራ የ26 ሰው ቀለብ መሆኑ ነው። ቆጣሪው ግን 800 ቆጥሮ «ሙሉ ነው» ብሎ ይፈርማል። ስለዚህ የምድር ሚዛን ባለበት መኪናው ከነጭነቱም ባዶውንም ይመዘን፤ በሌለበት ከየመደዳው ጥቂት ጆንያ እየተነሣ ይመዘን።

ሾፌር ሁሉ ሌባ አይደለም። በሰነዱ ላይ የተጻፈ ጉድለት ብዙ ጊዜ በመጨረሻ የሚወድቀው በእርሱ ላይ ነው። እኛም በድለናል። አንድ ጊዜ ከመሸ በኋላ በፋኖስ አራግፈን 11 ጆንያ ጎድሏል ብለን ጻፍን። ሾፌሩ «እባካችሁ ጠዋት እንደገና ይቆጠር» ሲል ለመነን፤ አልሰማነውም። ከሦስት ሳምንት በኋላ መጋዘኑ ሲቆጠር 11ዱም ከሌላ ክምር ጋር ተደርበው ተገኙ። የእርማት ደብዳቤ ጻፍን፤ ገንዘቡ ግን አስቀድሞ ከደመወዙ ተቆርጦ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በጨለማ አናራግፍም፤ ሾፌሩም አጠገባችን ቆሞ አብሮን ይቆጥራል። የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ መኪና ቅዳሜ ማታ ደርሶ ጫኝና አውራጅ እስከ ሰኞ ባይገኝ፣ መንገድ ዳር አታሳድሩት። ግቢውን ክፈቱለት፤ ለሾፌሩና ለረዳቱም እራትና መኝታ ስጡ።