የሸሆች ችሎት

ሰንበቴ ገበያዋ እሑድ ነው። በዚያን ቀን ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አማራውና ግመሉን እየሳበ ከቆላ የሚወጣው አፋር ባንድ ሜዳ ይገበያያሉ። ሰው በበዛበት የከብት ስርቆትና የግጦሽ ጠብ አይጠፋም፤ አንዳንድ ጊዜም ደም ይፈሳል። ታዲያ ዳኛው ማነው?

በከሚሴ ዙሪያ ባለው በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ከመንግሥቱ ፍርድ ቤት ጎን የሸሆች ችሎት አለ። እስላሙም ክርስቲያኑም ይቀርብበታል። ፖሊስ የለው፤ ወህኒ ቤትም የለው። ኀይሉ በከራማ ነው፤ ይኸውም የሸሁ ዱዓ ይሰምራል፣ እርግማኑም ይደርሳል የሚለው እምነት ነው። የሰረቀ ሰው ከሕግ ቢያመልጥ ከእርግማኑ አላመልጥም ብሎ ስለሚፈራ፣ በሐሰት ከመማል ይልቅ ጥፋቱን አውጥቶ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ካሳውና ዕርቁ ይከተላል። ደም የፈሰሰ እንደ ሆነ ግን ጉማ አለ፤ ይኸውም በኦሮሞ ልማድ የደም ካሳ ነው።

እኛ ተማሮች ተአምሩ እውነት ነው አይደለም እያልን እስኪነጋ ልንከራከር እንችላለን። ለኔ ግን ቁም ነገሩ ሌላ ነው፤ ተአምሩ ገና ሳይደርስ ሥራውን ይሠራል።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ለሃይማኖትና ለባህል ዳኝነት በር የከፈተው በግልና በቤተሰብ ጉዳይ፣ ያውም ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ነው። የነፍስ ግድያ ከዚህ ውጭ ነው። ነገር ግን ገዳዩ ቢታሰርም የሟች ወገን ካልታረቀ በቀሉ አይቀርምና፣ ሁለቱ ዳኞች መፈላለጋቸው የግድ ነው።

በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ ጎረቤቲቱ አጣዬ ተቃጠለች። እርግማን የሚያስፈራው ሸሁን የሚያውቀውን ሰው ነው፤ መሣሪያ ይዞ በጅምላ የሚመጣውን በየትኛው ችሎት ያስምሉታል?