የሙቅ ውሃ ቧንቧ ምርጫ በደጋ ቤት

በብዙ የአውሮፓ አገሮች መኖሪያ ቤቶች የሚሞቁት በዝግ ቧንቧ ውስጥ በሚዘዋወር ሙቅ ውሃ ነው። በእኛ ደጋ፣ በጉና ተራራ አካባቢ እንኳ ሳይቀር፣ ሌሊቱ ምንም ቢበርድ ቤት የሚሞቀው በምድጃ ነው። ሆኖም ሙቅ ውሃን በቧንቧ የማስተላለፍ ጥያቄ በሌላ በር ገብቶብናል፤ ይኸውም በጣራ ላይ በሚተከለው የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ነው። ከማሞቂያው እስከ መታጠቢያ ቤት የሚዘረጋው ቧንቧ ከምን ቢሠራ ይሻላል? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ለቀዝቃዛው የገዛነው ይበቃል» የሚል ነው። ይህ መልስ ባለቤቱን ለምን ለሁለተኛ ወጪ እንደሚዳርገው በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

በመጀመሪያ ውሃው ምን ያህል ሊሞቅ እንደሚችል እንወቅ። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ውሃም በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። ከእርሷ ዝቅ ብላ በምትገኘው አንበሳሜ የመፍያው መጠን ጥቂት ከፍ ይላል። እንግዲህ ማጠራቀሚያው ለአየር ክፍት እስከሆነ ድረስ ውሃው ከዚህ ወሰን አያልፍም። ይህ ግን ለተራ ፒቪሲ ብዙ ነው፤ ወደ 80 ዲግሪ ሲቃረብ ይለሰልሳልና ለሙቅ መስመር አይሆንም።

ቀጥሎ የሚመጣው በየከተማው የተለመደው ጋልቫናይዝድ ብረት ነው። ብረቱን የሚጠብቀው የተለበጠበት ዚንክ ነው። ዚንክ ኤሌክትሮኖቹን ከብረት ይልቅ በቀላሉ ስለሚለቅ፣ ሽፋኑ ቢጫርም እንኳ ቀድሞ የሚበላው እርሱ ነው፤ ብረቱ ይተርፋል። በቀዝቃዛ ውሃ ይህ ለብዙ ዓመታት ይሠራል። ውሃው ከ60 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ግን፣ በተለይም ባይካርቦኔትና ኦክስጅን ባለበት ውሃ፣ በዚንኩ ላይ የሚፈጠረው ንጣፍ ጠባዩን ይለውጣል። ያን ጊዜ ተራው ሊገለበጥና ብረቱ በሽፋኑ ቀዳዳዎች በኩል ለዚንኩ መሥዋዕት ሊሆን ይችላል። ጠዋት ቧንቧ ሲከፈት ቀድሞ የሚወርደው ቀይ ውሃ የብረቱ መዛግ ምልክት ነው።

አስተዋይ አንባቢ «ታዲያ የአውሮፓው የቤት ማሞቂያ የብረት ቧንቧና የብረት ራዲያተር ይዞ እንዴት ይኖራል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ምስጢሩ ያለው በውሃው ላይ ነው። እዚያ ያው አንድ ውሃ ሳይለወጥ ይዞራል፤ የተሟሟው ኦክስጅን ጥቂት ብረት አዝጎ ያልቃል፤ ዝገቱም ይገታል። (በዚያ ሥርዓት ፕላስቲክ ቧንቧ ሲገባ ኦክስጅን በግድግዳው ሰርጎ እንዳያልፍ ልዩ ሽፋን የሚደረግለትም ለዚህ ነው።) በእኛ መታጠቢያ ቤት ግን በየቀኑ አዲስ ውሃ፣ ከእርሱም ጋር አዲስ ኦክስጅን ይገባል።

መዳብ ሙቀቱን በሚገባ ይችላል፤ ችግሩ ዋጋው ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል ከማሞቂያው የመዳብ ቱቦ ላይ ጋልቫናይዝድ ቧንቧ የሚቀጠልበት ጊዜ አለ። ከመዳቡ የሚሟሟው እጅግ ጥቂት መዳብ ከውሃው ጋር ወርዶ በዚንኩ ላይ ሲያርፍ ትንንሽ ባትሪዎችን ይፈጥራል፤ ቧንቧውም በየነጥቡ ይበሳል። ሁለቱን በአንድ መስመር ማዋል ግድ ከሆነ ውሃው መጀመሪያ በጋልቫናይዝዱ፣ ቀጥሎ በመዳቡ ይለፍ፤ መገጣጠሚያውም የናስ ይሁን።

ሌላው አማራጭ ፒፒአር የተባለው ፕላስቲክ ነው። አይዝግም፤ መገጣጠሚያውም በሙቀት ተበይዶ ከቧንቧው ጋር አንድ አካል ይሆናል። በላዩ የሚታተመው «ፒኤን 20» በ20 ዲግሪ ሙቀት የ20 ባር ግፊት ለ50 ዓመት ይችላል ማለት ነው፤ በ70 ዲግሪ የሚችለው ግን የዚህን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ይህ ለጣራ ማሞቂያ አያሰጋም፤ ከ3 ሜትር ከፍታ የሚወርድ ውሃ የሚያሳድረው ግፊት 0.3 ባር ብቻ ነውና። የሚያስቸግረው መርዘሙ ነው። አንድ ሜትር ፒፒአር ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር 0.15 ሚሊሜትር ይረዝማል። በመሆኑም ሌሊት 10 ዲግሪ የነበረ የ10 ሜትር መስመር ቀን 60 ዲግሪ ሲደርስ 75 ሚሊሜትር ይጨምራል፤ ብረት በዚያው ሁኔታ የሚጨምረው 6 ሚሊሜትር ነው። ከግድግዳ ጋር ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ቀጥ ያለ መስመር እንደ እባብ ይጣመማል። በመካከሉ የአልሙኒየም ንብርብር ያለበት ዓይነት ግን መርዘሙን ወደ አንድ አምስተኛ ያህል ዝቅ ስለሚያደርገው፣ ለሙቅ መስመር እኛ የምንመርጠው ይህንኑ ነው። በደጋ ፀሐይን የሚከላከለው አየር ስስ ስለሆነ አልትራቫዮሌት ጨረር ይበረታል፤ ጣራ ላይ ራቁቱን የተዘረጋ ፒፒአርም ከጊዜ በኋላ ይሰነጣጠቃል። ጨረር በማያሳልፍ ሙቀት ጠባቂ ልባስ ቢጠቀለል ውሃውም ሳይበርድ ይደርሳል።

የማጠራቀሚያው መተንፈሻ ቱቦ ምንጊዜም አይዘጋ፤ መዝጊያም አይገጠምበት። ከተዘጋ ከላይ የጠቀስነው የ91 ዲግሪ ወሰን ይፈርሳል፤ ግፊቱም የትኛውም ቧንቧ ወደማይችለው ደረጃ ሊወጣ ይችላል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጥርት ያለ ሌሊት ደግሞ ጣራው ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከአካባቢው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ውሃ በረዶ ሲሆን ይዘቱ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር የጠፍጣፋ ማሞቂያ ቀጫጭን የመዳብ ቱቦዎች ይተረተራሉ። በጉና አቅራቢያ ላለ ቤት በመስመሩ ዝቅተኛ ቦታ ላይ የውሃ ማፍሰሻ ቢበጅ፣ ውርጭ በሚያሰጋበት ማታ ቱቦዎቹን ባዶ ማድረግ ይቻላል።