ስለ ሆደ ባዶው ጊታርና ስለ ኪሳችን

በቡራዩ የሚኖር አንድ ጓደኛ አለን። የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲም የወጣነው በአንድ ዓመት ነው። ጠዋት ከረባቱን አስሮ በታክሲ ወደ ቢሮው ይሄዳል፤ ማታ ከተከራያት ክፍል ሲገባ ደግሞ ከረባቱን ፈትቶ ከሰው የተዋሰውን ጊታር ያነሣል። ባለፈው ጊዜ እቁብ ደረሰው። በማግሥቱ እኛ ዘንድ መጣና ከስልኩ ላይ አንድ ፎቶግራፍ አሳየን። በፎቶግራፉ ላይ የሚታየው ሆዱ ሰፊ፣ ቀለሙ ቀይ፣ በግራና በቀኙ እንደ ቫዮሊን የተጠማዘዘ ቀዳዳ ያለው የኤሌክትሪክ ጊታር ነበር። «ይህን ልግዛ ወይስ ይህን የሚመስለውን?» ሲል ጠየቀን።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከእቁቡ ገንዘብ እኩሌታው ለታናሽ እኅቱ የኮሌጅ ክፍያ የታሰበ መሆኑን፣ በፎቶግራፉ ላይ ያለውን ጊታር ቢገዛ ግን እቁቡ በሙሉ አልቆ ብድር እንደሚጨመርበት ሲነግረን፣ ነገሩ የጊታር ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ተረዳን። ይህን የመሰለ ሐሳብ እንቅልፍ የሚነሣቸው ወጣቶች በቡራዩ ብቻ ሳይሆን በሰበታም በሱሉልታም ስላሉ፣ የዛሬውን ገጻችንን ለዚሁ ጥያቄ መስጠትን መረጥን።

ከሁሉ አስቀድሞ መሣሪያው ምን እንደሆነ እንመልከት። ብዙ ጊዜ በመድረክ የምናየው የኤሌክትሪክ ጊታር ገላው ድፍን እንጨት ነው፤ ከአምፕሊፋየር ጋር ካልተያያዘ በቀር ድምፁ ከክፍሉ በር አያልፍም። ይኸኛው ግን ውስጡ ባዶ ነው። ስለዚህም የክራርና የማሲንቆ ዘመድ ነው ብንል አላበዛንም፤ ክሩ ሲመታ ሆዱ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁም በቀዳዳዎቹ ይወጣል። በብዙዎቹ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባት ድልድይ እንኳ፣ ልክ እንደ በገናው በርኩማ፣ በሙጫ አልተጣበቀችም፤ የክሮቹ ጫና ብቻ ነው ቀጥ አድርጎ የሚይዛት። ከክሮቹ ሥር ደግሞ ማግኔትና የመዳብ ሽቦ ጥምጥም ያለበት ፒካፕ የሚባል ዕቃ ተቀምጧል። የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው እርሱ ነው።

ጊታሩ የተወለደው በአሜሪካን አገር ነው። ጊብሰን የተባለው ኩባንያ ኢ ኤስ 150 የሚባለውን በ1936 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ አወጣ። ቻርሊ ክሪስቲያን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ወጣት በዚህ መሣሪያ ጊታርን ከአጃቢነት አውጥቶ እንደ ሳክስፎን ብቻውን የሚናገር አደረገው፤ ምን ያደርጋል፣ በ1942 ገና በ25 ዓመቱ ሞተ። ከዚያ በኋላ በ1949 ኢ ኤስ 175 ወጣ፤ ጃዝ ተጫዋቾች እስከ ዛሬ የሚመኙት እርሱን ነው። በ1950ዎቹ ግሬች የተባለው ኩባንያ፣ ቼት አትኪንስ በተባለው ተጫዋች ስም፣ ብርቱካንማ ቀለም ያለውን 6120 ሠራ። በ1958 ጊብሰን ግማሽ ጎኑ ባዶ የሆነውን ኢ ኤስ 335 አመጣ፤ በ1961 ደግሞ ኤፒፎን ካሲኖ የሚባለው ተወለደ። ከቢትልስ መካከል ሦስቱ ካሲኖን ገዝተው መጫወታቸው ለዚህ ጊታር ትልቅ ስም አወጣለት። ጓደኛችን ያሳየን ፎቶግራፍ የኢ ኤስ 335 ነበር።

እንግዲህ ወደ ዋጋው እንምጣ። አዲስ ኢ ኤስ 335 በአሜሪካን አገር ከ3,000 ዶላር በላይ ይሸጣል። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበረ 3,000 ዶላር 171,000 ብር ግድም ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን ዶላሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በ120 ብር ብቻ ብናስበው እንኳ ያው ጊታር 360,000 ብር ይሆናል፤ የማጓጓዣውና የቀረጡ ነገር ሳይነሣ ማለት ነው። ለአንድ ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ይህ የስንት ዓመት ደመወዝ እንደሆነ አንባቢዎቻችን ራሳቸው ያስሉት።

በሌላ ወገን ካሲኖን የመሳሰሉት የዛሬ ኤፒፎኖች፣ የግሬች ስትሪምላይነርና የአይባኔዝ አርትኮር ከ500 እስከ 800 ዶላር ድረስ በሆነ ዋጋ ይገኛሉ። አርትኮር ከ2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በቻይና፣ ስትሪምላይነር በኢንዶኔዥያ ሲሠሩ ቆይተዋል። ይህንን ስንነግረው ጓደኛችን ፊቱን አጨፈገገ። «ኮምፔርሳቶ እኮ ናቸው!» አለን።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆም ያስፈልጋል፤ ብዙ ወጣት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። እውነት ነው፤ የርካሾቹ ሆድ ስስ እንጨት በስስ እንጨት ላይ ተጣብቆ የተሠራ ነው። ነገር ግን የተከበረው ኢ ኤስ 175ም ገና ከጥንቱ፣ ከ1949 ጀምሮ፣ እንዲሁ በተጣበቀ የሜፕል እንጨት የተሠራ ነው። ኢ ኤስ 335ም እንዲሁ፤ ካሲኖም እንዲሁ። ከአንድ ወፍራም እንጨት ሆዳቸው እየተፈለፈለ የተሠሩ ጊታሮች ሌሎች ናቸው፤ ዋጋቸውም ሌላ ነው። ስለዚህ ርካሹ በኮምፔርሳቶነቱ የሚያፍርበት ምክንያት የለም። ውድና ርካሽ የሚለያዩት በአንገቱ አሠራር፣ በፍሬቶቹ አቀማመጥ፣ በፒካፑና በመቃኛዎቹ ጥራት፣ በቀለሙም ስስነት ነው። ከእነዚህ አብዛኞቹን ደግሞ ጥሩ ባለሙያ ሊያስተካክላቸው ወይም ሊለውጣቸው ይችላል።

በአገራችንስ? በጊዜው ወጣት የነበሩት የአይቤክስ ባንድ ተጫዋቾች በ1976 (እ.ኤ.አ.) በራስ ሆቴል ያለ ዘፋኝ የቀዱትን ሙዚቃ የሰማ ሰው፣ የሰላም ሥዩምን ጊታር ልብ ሳይለው አይቀርም። ማሕሙድ አህመድ ከዚያ አንድ ዓመት አስቀድሞ ከዚሁ ባንድ ጋር የቀዳው «እሬ መላ መላ» በ1986 በቤልጅግ አገር በሸክላ ታትሞ በአውሮፓ ተሰማ። እኛ ይህን የምናነሣው ለጆሮ ትምህርት እንዲሆን ነው። በዚያን ዘመን ሙዚቃ ጊታሩ እንደ ክራር ጠብ ጠብ እያለ ዘፋኙን ይከተላል እንጂ ድምፁን እያስረዘመ አያለቅስም። ሆደ ባዶ ጊታር ደግሞ ጠባዩ ይኸው ነው፤ ድምፁ ሞቅ ብሎ ይወጣና ቶሎ ይከስማል። ትዝታንና ባቲን ለሚወድ ሰው ይህ ጉድለት ሳይሆን ጌጥ ነው።

ወደ ገበያ ስንወጣ የሰበታውን ጓደኛችንን ይዘን ሄድን። ሰበታ በመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤቷ የታወቀች ከተማ ናት፤ ይህም ጓደኛችን ዓይኑን በሕፃንነቱ ያጣና እዚያው የተማረ፣ ዛሬ መምህር የሆነ፣ ጊታርም ከሁላችንም አብልጦ የሚያውቅ ሰው ነው። ከሱቁ እንደገባን የቡራዩው ጓደኛችን ዓይኑን ከአንድ የሚያብረቀርቅ ቀይ ጊታር ላይ ተከለ። የሰበታው ግን፣ «ስሙንም ቀለሙንም አትንገሩኝ» አለና ወደ ባለሱቁ ዞሮ፣ «ጋሼ፣ ገመዱን ይንቀሉልን፤ አምፕሊፋየሩ ይረፍ» አላቸው። ባለሱቁ ተገርመው፣ «የኤሌክትሪክ ጊታር ያለ ኤሌክትሪክ ልትሰማው ነው እንዴ ልጄ?» አሉት። «አዎን፤ እኛ ሠፈር መብራት ሲጠፋ የምሰማው እንደዚያ አድርጌ ነው» አላቸው።

ሥራው መታየት ያለበት ነበር። መጀመሪያ ሆዱን በጣቱ ቀስ አድርጎ አንኳኳው፤ የላላ ሙጫ ካለ እንደሚንኮሻኮሽ ነገረን። ቀጥሎ መዳፉን በአንገቱ ጠርዝ ላይ ከላይ እስከ ታች አሳለፈ፤ የፍሬት ጫፍ እጅ የሚቧጭር ከሆነ እንጨቱ ደርቆ ተኮማትሯል ማለት ነው። ከዚያ እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ ተጭኖ መታ፤ በመካከሉ የሚንዘዘውን ሰማ። በመጨረሻም ክሩን በ12ኛው ፍሬት ላይ ተጭኖ ሲመታውና እዚያው ቦታ በጣቱ ነካ ብቻ አድርጎ ሲመታው ድምፁ አንድ መሆኑን አረጋገጠ። አንድ ካልሆነ ድልድይዋ ከቦታዋ ሸሽታለች፤ ይህ ግን ሊያስፈራን እንደማይገባ፣ ያልተጣበቀች ድልድይ በእጅ ተገፍታ እንደምትስተካከል አስረዳን።

ቀዩ ጊታር በዚህ ፈተና ወደቀ። ከጭራው ላይ ድምፅ የሚያወዛውዝ የብረት እጀታ ነበረው፤ መልኩን እጅግ ያሳምረዋል፤ ነገር ግን የሰበታው ሰው እጀታውን ሦስት ጊዜ ጫን ጫን ሲያደርገው ቅኝቱ ተፈታ። በሚገባ የተስተካከለ እጀታ እንዲህ አያደርግም፤ ለጀማሪ ግን ጣጣው ብዙ ነው። ሁለተኛው ደህና ነበር። ሦስተኛው ከውጭ አገር ሰው ይዞት የመጣ ያገለገለ አርትኮር ነው፤ ከጎኑ ጫር ያለ ነገር አለበት፤ ዓይን ያለን ሁለታችን ወዲያው አይተን ንቀነው ነበር። የሰበታው ጓደኛችን ግን በእርሱ ላይ ትዝታን፣ ቀጥሎ አንቺ ሆዬን ተጫወተና ዝም አለ። ባለሱቁም ሒሳብ መደመራቸውን ትተው ያዳምጡ ነበር።

ሆደ ባዶ ጊታር ለሁሉ ሰው ይስማማል እንዳንል የሱሉልታው ወዳጃችን ታሪክ ይከለክለናል። እርሱ በየሰርጉ የሚጫወት ባንድ ውስጥ ነው። ባለፈው ዓመት በአንድ ሰርግ ድንኳን ውስጥ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ከጀርባው ተተክሎ ሳለ፣ ገና የመጀመሪያውን ክር ሲመታ ጊታሩ እንደ ፋብሪካ ጡሩምባ ጮኸ፤ ሚዜዎቹ ሳይቀሩ ጆሯቸውን ያዙ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከማጉያው የሚወጣው ድምፅ ተመልሶ የጊታሩን ባዶ ሆድ ያንቀጠቅጠዋል፤ ሆዱ ክሩን፣ ክሩ ፒካፑን፣ ፒካፑ እንደገና ማጉያውን ይቀሰቅሳል፤ መጨረሻ የለውም። ወዳጃችን ለጊዜው ቀዳዳዎቹን በስፖንጅ ወትፎ ሰርጉን ተወጣው። ኢ ኤስ 335 በመሐሉ ከአንገት እስከ ጭራ ወፍራም እንጨት የተደረገለት ይህን ጩኸት ለማብረድ ነው። ስለዚህ በድንኳንና በአዳራሽ ለሚጫወት ሰው ይህንን አሠራር የተከተለ ርካሽ ጊታር ይሻለዋል፤ ኤፒፎንም አይባኔዝም ይሠሩታል። ካሲኖ በመልኩ 335ን ስለሚመስል ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ውስጡ ግን ፍጹም ባዶ ነው፤ ሲገዙ መጠየቅ ይገባል።

ሱሉልታን ካነሣን አይቀር፣ ከእንጦጦ ጀርባ ያለው የበጋ ብርድና ደረቅ ነፋስ ለእንጨት ደግ አይደለም። በበጋ እንጨቱ ይኮማተራል፤ በክረምት ያብጣል። የተጣበቀው እንጨት ከወጥ እንጨት ይልቅ ይህን ይችላል፤ ለርካሹ ጊታር አንድ ተጨማሪ ምስጋና ነው። ቢሆንም ከሰል ከሚነድበት አጠገብ ማቆም፣ ወይም ያለ ጠንካራ ሣጥን በታክሲ ላይ ከጆንያ ጋር መጫን ጊታሩን መግደል ነው። የሣጥኑን ዋጋ ከጊታሩ ዋጋ ጋር አብሮ ማሰብ ይገባል። አዲስ ክርና የባለሙያ ማስተካከያም እንዲሁ፤ በእኛ አስተያየት ደህና ሆኖ የተስተካከለ ርካሽ ጊታር ችላ ከተባለ ጊብሰን ይበልጣል።

ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉ ቢሆኑም፣ ለጊታር ተጫዋች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አዳራሽ ናቸው። የቡራዩው ጓደኛችን አዳራሹ አንዲት ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ ስስ፣ ከወዲያ ማዶ ሕፃን የሚያስተኙ ጎረቤቶች አሉ። ድፍን ጊታር ያለ አምፕሊፋየር አይሰማለትም፤ በአምፕሊፋየር ደግሞ ሕፃኑ ይነቃል። ሆደ ባዶው ግን ያለ ምንም ገመድ ለራሱ ጆሮ ይበቃዋል። ይህንንም ስናስብ ምርጫው ሳይወሰን የተወሰነ ነበር።

ጫር ያለበትን አርትኮር ገዛው። ባለሱቁ በሰበታው ጓደኛችን ጨዋታ ደስ ብሏቸው አንድ ጥቅል ክር መረቁለት። የእኅቱም ክፍያ በጊዜው ተከፍሎ ተመዝግባለች። ባለፈው ሐሙስ ማታ ልንጠይቀው ቡራዩ ስንሄድ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ሻማ አብርቶ፣ ጊታሩን ታቅፎ፣ የባቲን ቅኝት ይፈልግ ነበር። አምፕሊፋየሩን በሚቀጥለው እቁብ እገዛለሁ ይላል፤ ዕጣው ግን ገና ስድስት ወር ይቀረዋል።