ሞያሌ፦ አንድ ከተማ፣ ሁለት የፖሊስ ሬዲዮ

ከመካከላችን በሞያሌ በኩል የገባን ብዙ ነን። ኬንያ ውስጥ ማንያታ ተቀምጦ ሞባይሉን የከፈተ ሰው የኢትዮጵያ ኔትወርክ ሊይዝለት ይችላል። ሞገድ መቼ ኬላ ያውቅና! የፖሊስ ሬዲዮ ግን ሌላ ነው። ሁለቱ መንግሥታት ለየጸጥታ ኃይሎቻቸው ፍሪኩዌንሲ የሚመድቡት ለየብቻ ነው። እዚህ የተፈቀደ መገናኛ ወዲያ ማዶ ፈቃድ የለውም። እ.ኤ.አ. ማርች 2018 በኢትዮጵያዋ ሞያሌ ወታደሮች ሰላማዊ ሰዎችን ሲገድሉ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ኬንያ ሸሸ። በእንዲህ ያለ ሰዓት ከሬዲዮ ቀድሞ ወሬ የሚያደርሰው ሯጩ ሰው ራሱ ነው።

በየካምፑ ጥበቃዎች እጅ የምናያት ዎኪ ቶኪ ብዙውን ጊዜ ቪኤችኤፍ ናት። ይህ ከ30 እስከ 300 ሜጋኸርዝ ያለው ክልል ነው። ሞገዷ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ኮረብታ ይጋርዳታል፤ ለዚህ ነው ከፍታ ላይ ድምፁን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ሪፒተር የሚተከለው። ኤችኤፍ፣ ማለትም ከ3 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ያለው፣ ከሰማይ እየነጠረ መቶ ኪሎ ሜትሮችን ያቋርጣል። በዕርዳታ መኪኖች ላይ የምናየው ያ ረጅም አንቴና የእሱ ነው። ከኢሲዮሎ ሞያሌ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዋልዳ ካምፕ የነበሩ ያንን አቧራ አይረሱትም።

ታዲያ ለፖሊስ፣ ለእሳት አደጋና ለአምቡላንስ የጋራ ክልል የለም ወይ? አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ጄኔቫ ላይ የተሰበሰቡት አገሮች ለአውሮፓና ለአፍሪካ ከ380 እስከ 470 ሜጋኸርዝ ያለውን እንዲጠቀሙ ተመካከሩ፤ በ2015 ደግሞ ከ694 እስከ 894 ታከለበት። ምክር ነው እንጂ ግዴታ አይደለም።

ያለመደማመጥ ዋጋው ናይሮቢ ላይ ታይቷል። ሴፕቴምበር 21 ቀን 2013 ዌስትጌት የገበያ ማዕከል ሲጠቃ 67 ሰዎች ሞቱ። ፖሊስና ጦሩ በአንድ ሬዲዮ አይነጋገሩም ነበር፤ አንድ የፖሊስ ልዩ ኃይል አዛዥ በወታደሮች ጥይት እንደሞተ ተዘግቧል። በዓመቱ መንግሥት ከሳፋሪኮም ጋር ለፖሊስ የመገናኛ መረብ ተዋዋለ፤ የተጀመረው ግን በናይሮቢና በሞምባሳ ነው። ድንበር ያለው ሰው እንደተለመደው ይጠብቅ!

ለእኛ ለስደተኞች የሚቀረው ስልኩ ነው። የኬንያ ፖሊስ 999 ወይም 112 ነው፤ በኢትዮጵያ ፖሊስ የሚጠራው በ991 ነው። ድንበር አካባቢ ከሆናችሁ መጀመሪያ ስልካችሁ የየትኛውን አገር ኔትወርክ እንደያዘ እዩ፤ ጥሪውን የሚመራው ወደ ራሱ አገር ነውና። ሳፋሪኮም ከ2022 ወዲህ በኢትዮጵያም ስለሚሠራ ስሙን ብቻ አይቶ መተማመን አይቻልም። በየብሎኩ ሬዲዮ የያዛችሁ የሰፈር ጥበቃዎች ደግሞ፣ አደራ፣ ቁልፏን ተጭናችሁ ወሬ አትያዙ። አንዱ ሲጫን በዚያ ቻናል ሌላው «ድረሱልኝ» ቢል አይሰማም። ቦታውን፣ ብሎኩን፣ የተጎዳውን ሰው ብዛት ተናግሮ ጣትን ማንሳት ነው።