«ኡስታዝ፣ ደብተሬን ይመልሱልኝ»

በረመዳን ወር ስለ ጾም ሕግጋት፣ ስለ ዘካና ስለ ተራዊሕ ብዙ ይጻፋል፤ መጻፉም ተገቢ ነው። እኔ ግን ዛሬ የማነሣው ስለ ልጆቻችን ደብተር ነው። በዚህ ጉዳይ በራሴ እጅ የተፈጸመ ስሕተት አለ፤ እርሱን ሳልናገር ሌላውን ልመክር አልችልም።

ባሕር ዳር ሹም አቦ ሰፈር፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ልጆችን ቁርኣን አቀራለሁ። ከእነርሱ መካከል አንዲት የ12 ዓመት ልጅ አለች። ሒፍዟ ጥሩ ነው፤ ግን ከሙስሐፏ ሥር ሁልጊዜ አንድ ደብተር አይጠፋም። ተራዋ እስኪደርስ ትጽፋለች። ባለፈው ሙሐረም አንድ ቀን ስትጽፍ ያዝኳትና «ምንድን ነው?» አልኳት።

«ታሪክ ነው ኡስታዝ። ዐረፋን የት እንዳሳለፍን ነው የምጽፈው።»

«የአላህ ቃል ፊትሽ ተቀምጦ ተረት ትጽፊያለሽ?» ብዬ ደብተሩን ወሰድኩባት። ሳልገልጠው መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ ከዚያም ረሳሁት።

በረጀብ ወር የልጅቷ አያት ወደ አኼራ ሄዱ። ሰላተል ጀናዛውን ያሰገድኩት እኔ ነበርኩ። እንደ ደንቡ ልጃቸው ቆሞ «እናቴ ዕዳ ያለባት ካለ ወደ እኔ ይምጣ» አለ። የመጣ ሰው አልነበረም። ወር ያህል ካለፈ በኋላ፣ በሻዕባን፣ ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ «ኡስታዝ፣ ደብተሬን ይመልሱልኝ» አለችኝ። «ለምን ፈለግሽው?» ብላት «እማማ ዕዳ እንዳለባት ነግራኝ ነበር። የሴትዮዋ ስም ጠፋብኝ፤ ደብተሩ ላይ ግን ጽፌዋለሁ» አለች።

መሳቢያውን ከፍቼ ደብተሩን አወጣሁ። ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ያነበብኩት።

በደብተሩ ውስጥ የነበረው

ልጅቷ የጻፈችው ቤተሰቡ ለዐረፋ ወደ ወሎ ያደረገውን ጉዞ ነው። ከባሕር ዳር ተነሥተው በወረታ ታጥፈው ወደ ደብረ ታቦር ሲወጡ፣ ጋሸና ላይ ብርዱ እንዴት እንደነበር፣ ወደ ወልድያ ቁልቁል ሲወርዱ አያቷ በየመታጠፊያው ዱዓ ሲያደርጉ እርሷ በጣቷ ስትቆጥር፣ በመጨረሻም ሐይቅ ሲደርሱ ውኃውን አይታ «ከእኛ ጣና ያንሳል» ማለቷን ጽፋለች። የዒዱን ሰላት፣ የኡዱሕያውን ሥጋ ለቤት፣ ለዘመድና ለሚስኪን ሲያከፋፍሉ፣ ከአቦል እስከ በረካ ቡናው ሲጠጣ ማን ምን እንዳለ አንድም አላስቀረችም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አያትየው ልጅቷን ይዘው አንዲት የድሮ ጎረቤታቸውን ሊዘይሩ ሄዱ። ሲመለሱ መንገድ ላይ እንዲህ አሏት፦ በወጣትነታቸው ልጅ ታሞባቸው ይህች ጎረቤት የብር ድሪዋን ከአንገቷ አውልቃ አበደረቻቸው። ድሪውን ሸጠው ልጁን አሳከሙ፤ እስከ ዛሬ ግን አልመለሱላትም። «እኔ ብረሳው አንቺ አትርሺ» አሏት። ልጅቷም የሴትዮዋን ስም ከነአባቷ፣ ሰፈሯንም ጭምር ጻፈች።

አባትየው በዚያው ሳምንት ወደ ወሎ ዘመዶቹ ስልክ ደወለ። ባለ ድሪዋም ሞታለች። የድሪው ዋጋ ተገምቶ ለልጇ ተላከላት፤ እርሷም ስለ ጉዳዩ ሰምታ አታውቅም ነበር። ዕዳውን የሚያውቁ ሁለቱም ሴቶች አልፈዋል። ሦስተኛዋ ምስክር የ12 ዓመት ልጅ ናት፤ ምስክርነቷም ስድስት ወር ሙሉ እኔ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ጀናዛ ሲቀርብላቸው ሟቹ ዕዳ እንዳለበት ይጠይቁ እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል። በቁርኣን ውስጥ ከሁሉ የምትረዝመው አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛዋ፣ የምትናገረውም ዕዳን በጽሑፍ ስለ መያዝ ነው። ይህችን አንቀጽ ለስንት ዓመት አቅርቻታለሁ። ደብተሩን ስቀማ ግን ትዝ አላለችኝም።

ንባብና ብዕር በረመዳን

ወላጆች ብዙ ጊዜ «ረመዳን የቁርኣን ወር ነው፤ ልጆቹ ሌላውን ንባብ ይተዉት» ሲሉ እሰማለሁ። የቁርኣን ወርነቱ እውነት ነው፤ ለቁርኣን ቅድሚያ መስጠትም ግዴታችን ነው። ነገር ግን በዚህ ወር በሒራእ ዋሻ መጀመሪያ የወረደው ቃል «ኢቅረእ»፣ አንብብ፣ የሚል ነው። በዚያው ወሕይ ውስጥ ብዕር ተጠቅሷል።

በ2ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ በረመዳን፣ የበድር ዘመቻ ተካሄደ። ከተማረኩት የመካ ሰዎች መካከል ገንዘብ የሌላቸውና መጻፍ የሚችሉት ለ10 የመዲና ልጆች መጻፍና ማንበብ አስተምረው ነጻ እንዲወጡ መደረጉን የሲራ ጸሐፊዎች ይነግሩናል። ዘይድ ኢብን ሣቢት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ገና የ11 ዓመት ያህል ልጅ ነበር። የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማር አዘዙት፤ ተማረውም። ኋላ የወሕይ ጸሐፊ ሆነ። በአቡበክር ዘመን ቁርኣንን በአንድ የመሰብሰብ ከባድ አማና የተጣለውም በእርሱ ላይ ነው። ያ ልጅ ብዕሩን ቢቀሙት ኖሮ ብዬ ሳስብ እፈራለሁ።

የሱፍ መጫወቻና የሐበሾች ጨዋታ

ስለ ልጆች የእጅ ሥራና ጨዋታም አንድ ነገር ልበል። ሩበይዕ ቢንት ሙዐውዊዝ የተባሉት ሶሐቢት በዓሹራእ ቀን ልጆቻቸውን ያስጾሙ እንደነበር፣ ልጅ ምግብ ብሎ ሲያለቅስም ከሱፍ የተሠራ መጫወቻ ሰጥተው እስከ ማፍጠሪያ እንደሚያቆዩት ተናግረዋል። እንግዲህ ልብ እንበል፤ እነዚያ እናቶች በጾም ቀን ቁጭ ብለው መጫወቻ ይሠሩ ነበር። ዛሬ ከዐስር እስከ መግሪብ ያለውን ሰዓት ልጆቻችን የሚያሳልፉት ስልክ ላይ ነው፤ ስልኩን የሰጠናቸውም እኛው ነን።

በዒድ ቀን ደግሞ ሐበሾች በነቢዩ መስጂድ ውስጥ በጋሻና በጦር ሲጫወቱ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዓኢሻን (ረ.ዐ) ከልለው፣ እርሷ እስክትጠግብ ድረስ ቆመው አሳይተዋታል። ከአገራችን የሄዱ ሰዎች ጨዋታ በዒድ ቀን በመስጂድ መታየቱ ለእኛ ክብርም ትምህርትም ነው። ቤተሰብ በዒድ መደሰቱ፣ ልጅም ያየውን መሳሉና መጻፉ ከዲን ውጭ አይደለም።

«ልቦለድ ውሸት አይደለም ወይ?» ብለው የሚጠይቁኝ አባቶች አሉ። ውሸት ማለት ሰሚው እውነት ነው ብሎ እንዲይዘው መናገር ነው። ተራኪውም ሰሚውም ምሳሌ መሆኑን የሚያውቁት ታሪክ፣ መልካም ነገር እስካስተማረና ብልግና እስካልተቀላቀለበት ድረስ፣ ከውሸት አይቆጠርም። ቁርኣንም በምሳሌ ያስተምራል፤ የነቢዩላህ ዩሱፍን ታሪክ ከአንድ ቤተሰብ ቅናትና ናፍቆት ጀምሮ ከዳር እስከ ዳር ይተርክልናል።

ሳይጻፍ የቀረው ይጠፋል

የወሎው ዓሊም ሼኽ ጠልሐ ቢን ጃዕፈር በዐረብኛ ፊደል አማርኛን እየጻፉ፣ ዐጀሚ በምንለው ስልት፣ ምክርና ውዳሴ አቆይተውልናል። እኛ በሉሕ ላይ ስንማር ቀለሙን ከጥላሸት እየበጠበጥን፣ ብዕሩን ከሸምበቆ እየቀረጽን ነበር፤ ጽሕፈት ለእኛ ከልጅነታችን የእጅ ሥራም ነበር። በ1961 ዓ.ም. ቁርኣን በአማርኛ ተተርጉሞ ሲታተም፣ ሐጅ ሙሐመድ ሣኒ ሐቢብና ባልደረቦቻቸው ያንን ከባድ ሥራ የተወጡት ሁለቱንም ቋንቋ አሳምረው ስለሚያውቁ ነው።

የተገላቢጦሹን ምሳሌ ደግሞ እዚሁ ጣና ዳር እናገኘዋለን። ደንገል አጭደው፣ አድርቀው፣ አስረው ታንኳ የሚሠሩት የወይጦ ማኅበረሰብ ሙስሊም ወገኖቻችን ናቸው። በ1770 ገደማ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ወደ አካባቢው የመጣው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ የራሳቸው የሆነ፣ ከሌሎቹ የተለየ ቋንቋ እንደነበራቸው ጽፏል። ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው፤ የቀደመውን ቋንቋ የሚያውቅ የለም። አንድ አያት የሚያወራውን አንድ ልጅ ጽፎት ቢሆን ኖሮ ጥቂት ቃላት ይተርፉልን ነበር።

በቀሩት ቀናት ምን እናድርግ?

ከዚህ በኋላ በእኔ ክፍል ያደረግሁትን ልንገራችሁ፤ በየቤታችሁም ልታደርጉት ትችላላችሁ። ልጆቹ የዕለት ቁርኣናቸውን ከጨረሱ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይጽፋሉ ወይም ይሥላሉ። የመጀመሪያው ርእስ «ያለፈው ዒድ በቤታችን» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ከአያት ወይም ከጎረቤት ሽማግሌ አንድ ታሪክ ጠይቆ ስሙን፣ ቦታውንና ዘመኑን ሳያሳስቱ መጻፍ ነው። መጻፍ ያልጀመሩት ትንንሾች ለጎረቤት የሚሰጥ የዒድ መልካም ምኞት መግለጫ በወረቀት ይሠራሉ። ከኢፍጣር በኋላ፣ ሳምቡሳውና ሾርባው ተነሥቶ ለተራዊሕ ከመውጣታችን በፊት፣ አንድ ልጅ የጻፈውን ለቤተሰቡ ያነባል። አባት ሆይ፣ ስልክህን አስቀምጠህ አድምጥ። ስሕተት ብታገኝ መጀመሪያ ታሪኩን አመስግን፤ ፊደሉን ነገ ታርመዋለህ።

ዒድ ሲመጣም ዘመድ ጥየቃ ስትሄዱ፣ ወይም አመሻሽ ላይ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ ከልጆቻችሁ ጋር ስትሻገሩ፣ ደብተሩ አብሯችሁ ይሁን።

ያቺን ልጅ በጓደኞቿ ፊት ነበር ያሳፈርኳት፤ ይቅርታ የጠየቅኳትም በጓደኞቿ ፊት ነው። ደብተሯን ከአንድ አዲስ ደብተር ጋር መለስኩላት። «ኡስታዝ፣ አዲሱ ላይ ስለ እርስዎ ልጽፍ እችላለሁ?» አለችኝ። እውነቱን እስከ ጻፈች ድረስ ፈቅጄላታለሁ።

አላህ ጾማችንንና ቂያማችንን ይቀበለን፤ ለሞቱብን ይማርልን፤ ዕዳችንን ሳንከፍል ከመሞት ይጠብቀን፤ ልጆቻችንንም አንባቢና እውነት ጸሐፊ ያድርግልን። አሚን። ረመዳን ሙባረክ!